ሰበር እስከ ምን ድረስ? ከሞጆ ደረቅ ወደብ የሚነሳ ክርክር የሚያልፍባቸው ችሎቶች

ዛሬ የምናነሳው ብዙ ሰው በፍርድ ቤት ደጃፍ የሚሳሳትበትን፣ ገንዘብም ዓመታትም የሚያስከፍል ጉዳይ ነው። የበላይ ፍርድ ቤት የበታቹን ውሳኔ እስከ ምን ድረስ ሊያርም ይችላል? እጁን መሰብሰብ ያለበትስ የት ላይ ነው?

የተረታ ሰው ከችሎት ሲወጣ መጀመሪያ የሚሰማው ማጽናኛ "ግድ የለም፣ ይግባኝ አለ፤ ይግባኙ ባይሆን ሰበር አለ" የሚል ነው። ዘመድም፣ ጓደኛም፣ አንዳንድ ጊዜ ጠበቃም ይለዋል። ንግግሩ ሐሰት አይደለም። ይግባኝ የማለት መብት በሕገ መንግሥቱ ውስጥ አለ፤ ሰበርም አለ። ግን ሰሚው የሚረዳው ሌላ ነው። ከላይ ባለው ችሎት ክርክሩ እንደ አዲስ የሚጀመር፣ ምስክር እንደገና የሚሰማ፣ ያልቀረበ ሰነድ የሚቀርብ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም፤ ይህን ያላወቀ ሰው መጀመሪያ ፍርድ ቤት ላይ ይዘናጋል።

ጉዳዩን መሬት ላይ እናውርደው። ሞጆ ደረቅ ወደብ ሥራ የጀመረው በ2001 ዓ.ም. ነው። ከጅቡቲ በመኪናና በባቡር የሚገባው ኮንቴይነር እዚያ ይራገፋል፣ ይፈተሻል፣ ቀረጥ ይከፈልበታል፣ ከዚያም ወደየከተማው ይጫናል። የደቡቡ መንገድ የሚገነጠለውም ከሞጆ ነው። ስለዚህ አንድ የሐዋሳ ነጋዴ ሴራሚክ አስመጣ እንበል። ትራንዚተሩ ሰነዱን ጨረሰ፣ ዕቃው ከኮንቴይነር ወጣ፣ የሞጆ ነዋሪ በሆነ ሰው የጭነት መኪና ላይ ተጫነ። ሹፌሩ የርክክብ ሰነዱ ላይ ምንም አስተያየት ሳይጽፍ ፈረመ። መኪናው ሐዋሳ ደርሶ ሸራው ሲገለጥ ካርቶኖቹ ተቀድደዋል፣ ከታች ያለው ረድፍ ተሰባብሯል። ነጋዴው "መንገድ ላይ ነው የተሰበረው" ይላል። ባለመኪናው "ከመርከብ ሲወርድ ጀምሮ የተሰበረ ነው፤ ካርቶን ታሽጎ የተሰጠኝን ውስጡን እንዴት አውቃለሁ?" ይላል። የተጠየቀው ካሳ 800,000 ብር ነው። ይህን ምሳሌ እስከ መጨረሻው ይዘነው እንጓዛለን።

የመጀመሪያው ጥያቄ የት ይከሰሳል የሚል ነው። ሞጆ በምሥራቅ ሸዋ ዞን ያለች ከተማ ናት፤ የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አዳማ ነው። ተከራካሪዎቹ ሁለቱም የኦሮሚያ ነዋሪዎች ቢሆኑ ኖሮ ጉዳዩ በክልሉ ሕግ መሠረት ከክልሉ ፍርድ ቤቶች በአንዱ ተጀምሮ በክልሉ መሰላል ይወጣ ነበር። እዚህ ግን አንዱ የሲዳማ፣ ሌላው የኦሮሚያ ነዋሪ ነው። በተለያዩ ክልሎች በሚኖሩ ሰዎች መካከል የሚነሳ ክርክር የፌዴራል ጉዳይ ነው። የገንዘቡ መጠን ከ10 ሚሊዮን ብር ስለማይበልጥ ደግሞ በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ሥልጣን ሥር ይወድቃል።

አዳማ ላይ ግን የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሚያደርገውን የሚያደርግ ማነው? በአዋጅ ቁጥር 322/1995 የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በአምስት ክልሎች እንዲቋቋም ሲወሰን ኦሮሚያ ከአምስቱ አንዷ አልነበረችም። ስለዚህ የሚሠራው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 ነው። የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃን ሥልጣን፣ የክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፌዴራል ከፍተኛን ሥልጣን በውክልና ይይዛሉ። እንግዲህ የሴራሚኩ ክስ አዳማ ይከፈታል፤ ይግባኙ ለኦሮሚያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። የኦሮሚያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የአዳማውን ውሳኔ ካጸናው መደበኛው ይግባኝ እዚያ ላይ ያልቃል፤ ከለወጠው ለፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይግባኝ ይባላል። ያ ሲያበቃ የሚቀረው ሰበር ብቻ ነው።

እዚህ ላይ በተግባር ባለጉዳይን የሚያለፋ አንድ ነገር ልጨምር። የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ የፌዴራሉ አማርኛ ነው። ፍርዱ ወደ ላይ ሲሄድ መተርጎም አለበት። የሕግ ስህተት የሚባለው ነገር አንዳንዴ በአንዲት ሐረግ ላይ ይንጠለጠላልና ትርጉሙን ለርካሽ ዋጋ ብሎ ለማንም መስጠት አይገባም። ጠበቃችሁ ሁለቱንም ቅጂ ጎን ለጎን አድርጎ ያንብበው።

አሁን ወደ ይግባኝ እንግባ። ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሥልጣኑ ሰፊ ነው። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ሕግ ነው፤ በቁጥር 348 ይግባኝ ሰሚው የሥሩን ውሳኔ ሊያጸና፣ ሊያሻሽል፣ ሊሽር ይችላል ይላል። ሕግንም ፍሬ ነገርንም ይመረምራል። የምስክሮቹን ቃል አንብቦ "የሥር ፍርድ ቤት ይህን ቃል በተሳሳተ መንገድ መዝኖታል" ማለት ይችላል። ይህ ከሰበር ዋናው ልዩነቱ ነው።

ሆኖም ሰፊ ማለት ወሰን የለሽ ማለት አይደለም። በቁጥር 329 መሠረት በሥር ፍርድ ቤት ያልተነሳ አዲስ ነገር በይግባኝ አይነሳም። በቁጥር 345 መሠረት አዲስ ማስረጃ ማቅረብም በመርህ ደረጃ ክልክል ነው። በሩ የሚከፈተው በሁለት ምክንያት ብቻ ነው፦ የሥር ፍርድ ቤት መቀበል የነበረበትን ማስረጃ አልቀበልም ብሎ ከሆነ፣ ወይም ይግባኝ ሰሚው ራሱ ፍርድ ለመስጠት ያ ሰነድ ወይም ያ ምስክር ያስፈልገኛል ካለ። ሲፈቅድም ምክንያቱን መዝገብ ላይ መጻፍ አለበት።

ባለመኪናችን ሞጆ ላይ ዕቃውን የጫኑትን ጫኝና አውራጆች "ካርቶኑ ስንጭነውም ተቀድዶ ነበር" ብለው እንዲመሰክሩለት ይችል ነበር። ግን መከላከያ መልሱን ሲያቀርብ የማስረጃ ዝርዝሩ ውስጥ አልጻፋቸውም። አዳማ ላይ ተረታ። ከዚያ "ለይግባኙ አመጣቸዋለሁ" ይላል። አይመጡም። የፍርድ ቤት መዝገብ ታሽጎ እንደሚመጣ ኮንቴይነር ነው፤ ከመነሻው ያልተጫነ ዕቃ ሞጆ ላይ አይራገፍም።

ሌላም ወሰን አለ። በቁጥር 211 መሠረት ፍርዱን ወይም የፍርድ ቤቱን ሥልጣን በማይነካ የሥነ ሥርዓት ግድፈት ምክንያት ውሳኔ አይሻርም። ቀጠሮ አለአግባብ ተላልፏል፣ የመዝገቡ ቁጥር ተሳስቷል፣ ማመልከቻው ላይ አንድ ቃል ጎድሏል እያሉ የይግባኙን ገጽ መሙላት ዋናውን ነጥብ ከማዳከም በቀር ጥቅም የለውም። ይግባኙ ቀርቦ ፍርድ ቤቱ ከሥር ውሳኔው ጋር ከተስማማ ደግሞ መልስ ሰጪውን እንኳ ሳይጠራ "የሥር ፍርድ ቤት ውሳኔ የሚነቀፍበት ምክንያት ስላልተገኘ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 337 መሠረት ተሰርዟል" ይላል። ብዙ ባለጉዳይ በዚህች ዓረፍተ ነገር ይበሳጫል፤ "ሳይሰሙኝ ዘጉብኝ" ይላል። ብስጭቱ ይገባኛል። ግን የረታውን ሰው ቦታ ላይ ቆመን እንየው። አዳማ ላይ ተመላልሶ፣ ምስክር አቁሞ፣ ፍርድ ያገኘው የሐዋሳ ነጋዴ ባለመኪናው ቅሬታ በጻፈ ቁጥር እንደገና መጥሪያ ሊደርሰው ነው? የበላይ ፍርድ ቤት ሥልጣን የተገደበው ለዚህ ሰው ጭምር ነው። ፍርድ የሚባል ነገር አንድ ቦታ ላይ ማረፍ አለበት።

ሰበር ላይ ወሰኑ ይበልጥ ይጠባል። ታሪኩን ባጭሩ ላንሳ። በንጉሡ ዘመን ይግባኙን ጨርሶ ያልረካ ሰው ለዙፋን ችሎት አቤት ይል ነበር። የ1958ቱ ሕግም ይህን በር አልዘጋውም። ሕዝቡ "የንጉሥ ያለህ" ሲል የኖረው ንጉሡ ሁሉን አይቶ ሁሉን ያስተካክላል ብሎ ነው። ዛሬም ብዙ ሰው ሰበርን የሚያየው በዚያ ዓይን ይመስለኛል። የአሁኑ ሰበር ግን ሌላ ተቋም ነው። በ1980 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 9 ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ተሰጠ፤ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 80 ንዑስ አንቀጽ 3 ጸና። አንቀጹ ሁለት ቁልፎች አሉት። አንደኛው "የመጨረሻ ውሳኔ" ነው፤ ሌላ የይግባኝ መንገድ እያለ ወደ ሰበር መዝለል የለም። ሁለተኛው "መሠረታዊ የሕግ ስህተት" ነው። ማንኛውም ስህተት አይበቃም፤ የሕግ መሆን አለበት፤ የሕግ ስህተትም ቢሆን መሠረታዊ መሆን አለበት።

ሕገ መንግሥቱ መሠረታዊ የሕግ ስህተት ምን እንደሆነ አልዘረዘረም። ለዓመታት ችሎቱ በየመዝገቡ ሲሞላው ቆየ። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234 ግን በትርጓሜው አንቀጽ ዘረዘረው። ሕገ መንግሥቱን መጣስ፣ ሕግን ያለአግባብ መተርጎም ወይም ለጉዳዩ አግባብ የሌለውን ሕግ መጥቀስ፣ ተገቢውን ጭብጥ አለመያዝ፣ ዳኝነት ሊሰጥበት የሚገባን ጉዳይ ውድቅ ማድረግ፣ በዋናው ፍርድ ያልተወሰነን ነገር በአፈጻጸም ማዘዝ፣ ሥልጣን ሳይኖር መወሰን፣ የሰበርን አስገዳጅ ውሳኔ መቃረን ከተዘረዘሩት ውስጥ ናቸው። ስህተቱም ፍትሕን በጉልህ የሚያዛባ መሆን አለበት።

ሴራሚኩን እንመልሰው። ካርቶኖቹ የተሰበሩት ሞጆ ላይ ነው ወይስ ዝዋይ አካባቢ መንገድ ላይ? ይህ ፍሬ ነገር ነው። ሰበር አይገባበትም። የአዳማና የኦሮሚያ ጠቅላይ ፍርድ ቤቶች "መንገድ ላይ ነው የተሰበረው" ካሉ፣ አምስቱ የሰበር ዳኞች በልባቸው ቢጠራጠሩም እንኳ ያንን ተቀብለው ነው የሚነሱት። አጓጓዡ ያለ አንዳች አስተያየት ፈርሞ የተረከበው ዕቃ ተሰብሮ ሲገኝ የማስረዳት ሸክሙ በማን ላይ ይወድቃል የሚለው ግን የሕግ ጥያቄ ነው። የሥር ፍርድ ቤት ሸክሙን በተሳሳተው ሰው ላይ ጭኖ ከፈረደ ሰበር ያርመዋል። ዕቃን በየብስ ስለማጓጓዝ የወጣውን አዋጅ ቁጥር 547/1999 መመልከት ሲገባው ስለ ሽያጭ በተጻፈ ድንጋጌ ከወሰነም ያርመዋል። እንግዲህ አቤቱታ ስትጽፉ "ምስክሮቼን አላመኑልኝም" የሚለው አያስቀርብም። "ማስረዳት የነበረበት ተጠሪ ሆኖ ሳለ እኔ እንዳስረዳ ተገድጃለሁ" የሚለው ሊያስቀርብ ይችላል። ጉዳዩ አንድ ነው፤ የተያዘበት እጀታ ግን ይለያያል።

"ያስቀርባል፣ አያስቀርብም" የሚለውን መጀመሪያ የሚያዩት ሦስት ዳኞች ናቸው፤ ያስቀርባል ከተባለ ከአምስት ባላነሱ ዳኞች ይሰማል። ከ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 454 ወዲህ ችሎቱ የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በፌዴራልም በክልልም ያሉ ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ያስገድዳል። ስለዚህ የአንድ ሰው ሴራሚክ የሺህ ሰው ጭነት ሕግ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚያህል ሥልጣን ያለው ችሎት ቀድሞ የሰጠውን ትርጉም ልለውጥ ሲል የ2013ቱ አዋጅ ሰባት ዳኞች እንዲሰየሙ ያዘዘው በአጋጣሚ አይደለም።

ሥልጣኑ በትክክለኛ ቦታው ሲውል ምን ያህል እንደሚጠቅም አንድ መዝገብ ይመስክር። በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 ከደቡብ ክልል የመጣ የልጅ አስተዳደግ ክርክር ነበር። ልጁ ያደገው አክስቱ ዘንድ ነው፤ አባት ልጄን ስጡኝ አለ። የክልሉ ፍርድ ቤቶች፣ የክልሉን ሰበር ጨምሮ፣ ለአባትየው ፈረዱ። የፌዴራል ሰበር ችሎት ግን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 የልጁ ጥቅም በቀደምትነት ይታሰብ ይላል፣ ይህ ሳይታይ የተሰጠ ውሳኔ መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለበት ብሎ ሻረው። ችሎቱ የጠየቀው በየትኛው ሚዛን ተመዘነ ብሎ ነው፤ ያ ደግሞ የሰበር ሥራ ነው።

ይኸው መዝገብ ሌላ ጥያቄም ያስነሳል። የክልል ሰበር የወሰነውን የፌዴራል ሰበር እንደገና ሊያይ ይችላል ወይ? በተለምዶ "ሰበር በሰበር" የሚባለው ነው። ሕገ መንግሥቱ በክልል ጉዳይ ላይ የክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤትም የሰበር ሥልጣን አለው ይላል። ለረዥም ጊዜ የፌዴራሉ ችሎት በየክልሉ ሰበር ላይ አቤቱታ ሲቀበል ኖረ፤ መዝገብም ተከመረ፤ ክልሎችም አጉረመረሙ። የ2013ቱ አዋጅ በሩን አጠበበው። በንጹሕ የክልል ጉዳይ ላይ የክልል ሰበር ከወሰነ በኋላ የፌዴራሉ ችሎት የሚያየው የሕዝብ ጥቅምና አገራዊ ፋይዳ ያለውን ጉዳይ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ተከራካሪዎች የሞጆ ሰዎች ከሆኑ መጨረሻቸው በአብዛኛው የኦሮሚያ ሰበር ነው ብላችሁ ተነሱ።

አሁን ወሰኑ ወደሚፈተንበት ከባድ መዝገብ እንምጣ። ከሞጆም ሩቅ አይደለም፤ በዚያው በከተማዋ የሚያልፈው የአሮጌው የምድር ባቡር ጉዳይ ነው። በ1999 ዓ.ም. የኢትዮ-ጅቡቲ ምድር ባቡር ድርጅት የአዲስ አበባ-ጅቡቲን ሐዲድ ለማደስ ኮንስታ ከተባለ የጣሊያን ተቋራጭ ጥምረት ጋር ተዋዋለ፤ ገንዘቡ ከአውሮፓ ልማት ፈንድ ነበር። ሥራው ሳይጠናቀቅ ውሉ ተቋረጠ። ክርክሩ ወደ ግልግል ዳኝነት ሄደ፤ የግልግሉ መቀመጫ አዲስ አበባ ነበር፣ አስተዳዳሪውም በሄግ ያለው ቋሚ የግልግል ፍርድ ቤት። ጉባኤው ለኮንስታ ወደ 20 ሚሊዮን ዩሮ የሚጠጋ ገንዘብ ፈረደ። ድርጅቱ ለሰበር አቤት አለ። በግንቦት 2010 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 128086 የፌዴራል ሰበር ችሎት የግልግል ውሳኔው መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለበት ብሎ ሻረው።

ችሎቱ የግልግል ውሳኔን ለማየት መንገዱን ያበጀው ቀደም ሲል በ2003 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 42239 ነው። ተዋዋዮች "የግልግሉ ውሳኔ የመጨረሻ ነው" ብለው ቢስማሙም ሰበር ከማየት አይታገድም አለ። በኮንስታ መዝገብ ላይ የተነሳው ትችት ግን ከዚህ ያልፋል። ብዙ የሕግ ሰዎች ችሎቱ የሕግ ስህተትን ፈልጎ ከማረም አልፎ ውሉን እንደገና ተርጉሟል፣ ማን ግዴታውን አልተወጣም የሚለውን ፍሬ ነገር እንደገና መዝኗል አሉ።

እኔ አቋሜን አልደብቅም፤ ትችቱ ልክ ነው ብዬ አምናለሁ። ገንዘቡ የሕዝብ ነው፣ ብዙም ነው፤ ይህን አቃልዬ አይደለም። ነገር ግን ለሐዋሳው ነጋዴ "ማስረጃ አንመዝንም" የሚል ችሎት የመንግሥት ድርጅት ሲቆም ማስረጃ የሚመዝን ከሆነ፣ ወሰኑ የሚጠብቀው ደካማውን ሳይሆን ጠንካራውን ነው ማለት ነው። ወሰን የሚያስፈልገው ውጤቱ ሲከብድ ነው፤ ሲቀልማ ማንም ያከብረዋል። የሰበርን ሐሳብ ያፈለቁት ፈረንሳዮች ከ1790 ጀምሮ የያዙት መርህ ሰበር የሚዳኘው ፍርዱን እንጂ ባለጉዳዮቹን አይደለም የሚል ነው። እነሱ ውሳኔውን ሽረው በአብዛኛው ወደ ሌላ ፍርድ ቤት ይመልሱታል። የእኛው ችሎት ግን ሽሮ ራሱ የመጨረሻውን ውሳኔ መስጠትም ይችላል። ለሕዝባችን አቅም ይህ ይሻላል፤ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ እየተመላለሱ መክሰርን ያስቀራል። ግን ራሱ የሚጨርስ ችሎት ፍሬ ነገር ውስጥ የመግባት ፈተናውም የዚያኑ ያህል ይበረታል። በየውሳኔው ላይ "የሥር ፍርድ ቤት ያረጋገጠው ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ የሕግ ስህተቱ ይህ ነው" ብሎ ለይቶ መጻፍ ያለበት ለዚህ ነው።

ሰበርም በላዩ ላይ አካል አለበት። ጥያቄው የሕገ መንግሥት ትርጉም የሚያሻው ከሆነ ጉዳዩ በሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ በኩል ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ይቀርባል። ያ ግን ሌላ ይግባኝ አይደለም፤ "ተበድያለሁ" ብቻ ይዞ የሚሄድ ሰው ከአጣሪው አያልፍም።

ከኮንስታ በኋላ ሕጉም ተንቀሳቅሷል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የግልግል ዳኝነት አዋጅ ቁጥር 1237 በአንቀጽ 49 በግልግል ውሳኔ ላይ ተዋዋዮች ካልተስማሙበት በቀር ይግባኝ የለም ይላል። ሰበር ግን ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በቀር አለ። ይህ ማለት ሞጆ ላይ የማጓጓዣ ወይም የመጋዘን ውል የምትፈርሙ ነጋዴዎች ከታች በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን የግልግል አንቀጽ ማንበብ አለባችሁ። "ሰበርም አይባልበትም" የሚል ካለና ፈርማችሁ ከሆነ በኋላ መጸጸት ዋጋ የለውም።

ቀኖቹንም ላስታውሳችሁ። የፍትሐ ብሔር ይግባኝ በ60 ቀን ውስጥ፣ የሰበር አቤቱታ ደግሞ የመጨረሻው ውሳኔ ከተሰጠበት አንስቶ በ90 ቀን ውስጥ ይቀርባል። ይግባኝ መጠየቅ በራሱ አፈጻጸምን አያስቆምም። የእግድ ማመልከቻ ለብቻው ቀርቦ ትእዛዝ ካልተሰጠ ባለመኪናው ሰበር ደጃፍ ቆሞ ሳለ አዳማ ላይ መኪናው ሊሸጥበት ይችላል። የፍርድ ግልባጭ ለመጠየቅም ውሳኔው በተነበበ ዕለት መዝገብ ቤት ሂዱ፤ ያመለከታችሁበትንና ግልባጩን የወሰዳችሁበትን ቀን የሚያሳይ ማስረጃ ያዙ። ቀን ላይ ክርክር ከተነሳ የምትቆሙበት ሰነድ እሱ ነው።